የጠፋ እሳት ዜና

ከዲጋ ወደ ዲዴሳ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ የነዳጅ ቦቴ ተገልብጦ መንደድ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ነቀምቴ ቢሮአችን ደውሎ የነገረን ከዚያ መስመር የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። እኔና ካሜራ የሚይዘው ባልደረባዬ የጀመርነውን ቁርስ ትተን ወጣን። ዲጋን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ጭሱ ታየን። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ነፋስ ስላልነበረ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የቦቴው ሹፌር ዘሎ ወርዶ ተርፏል። እሳቱ እጁን ትንሽ ለብልቦታል እንጂ ደህና ነው፤ መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው ያመጣለትን ውኃ ሲጠጣ አገኘነው። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። መኪኖች ግን በሁለቱም በኩል ተሰልፈው ቆመዋል። እሳቱን ከኋላዬ አድርጌ ማይክሮፎኑን ያዝኩና "ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል" አልኩ። በዚያን ሰዓት እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ እሳቱ የሚበላው አጥቶ ጠፋ። ሎደር መጣና የቦቴውን ቅሪት ወደ ሣሩ ገፋው። መኪኖቹ ክላክስ እየነፉ፣ አንዳንዱ ተሳፋሪም በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ማለፍ ጀመሩ። ያንንም ቀረጽን። የተዘጋበትንም የተከፈተበትንም ምስል አንድ ላይ ወደ አዲስ አበባ ላክንና ሥራችንን ጨረስን ብለን ተለያየን።

የምሠራበት ጣቢያ በዲሽ የሚታይ፣ ቀንም ሌሊትም ዜና ብቻ የሚያስተላልፍ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሞላ ዜና ግን በየቀኑ አይገኝም። ስለዚህ ያለው ይዞራል። እኛ እርስ በርሳችን "ዙር" እንለዋለን፤ የዜናዎቹ ሰልፍ በየግማሽ ሰዓቱ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ አዲስ ሲመጣ አንዱ ይወጣና ሌላው ይገባል። ምን እንደሚቀድም፣ ምን እስከ መቼ እንደሚዞር የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው የፕሮግራም ኃላፊ ነው። እኔ ከነቀምቴ የላክሁት ዙሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ከእጄ ወጥቷል። ይህ ነገር እስከዚያ ሳምንት ድረስ አሳስቦኝ አያውቅም።

እናቴ በጋብቻ ከጎጃም መጥታ ወለጋ ውስጥ ያረጀች ሴት ናት። ገበያ ላይ ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ ይፈጥናል። ስትደነግጥ ግን የልጅነት አነጋገሯ ተመልሶ ይመጣባታል። ያን ቀን ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አገኘኋት። መቀመጥ አልቻለችም።

"አንች ልጅ፣ እንደገና ነደደ እንዴ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"መኪናው ነዋ! ጠዋት ነደደ። በምሳ ሰዓት ነደደ። አሁንም ይኸው ይነድዳል።"

"እማዬ፣ አንድ መኪና ነው። ያው የጠዋቱ ነው።"

"ታዲያ ለምን 'አሁን በደረሰን ዜና' ይላሉ?"

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ቀይ መስመር ላይ "ሰበር ዜና" ተጽፏል። ከላዩ እኔ ሻሼን አስሬ ቆሜያለሁ፤ "ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል" እላለሁ። መንገዱ መከፈቱ የተነገረው ከሥር በሚሮጠው ጽሑፍ ነው፣ በቡና ዋጋና በኳስ ውጤት መሃል፣ በአንዲት መስመር። እናቴ ማንበብ ትችላለች፤ የሚሮጥ ጽሑፍ ግን ዓይኗ አይደርስበትም። መኪኖቹ ሲያልፉ የቀረጽነው ምስል የለም። ዙሩ እስኪመለስ ጠበቅሁ፤ አሁንም የለም።

የእናቴ ጭንቀት ያለ ምክንያት አልነበረም። ታናሽ እህቴ ከዲዴሳ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች። ባሏ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ተቃርቦ ነበር። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ግፊቷ ከፍ እያለ ሲመጣ አይታ "እዚህ አትውለጂ፣ ቶሎ ነቀምቴ ውረጂ" ብላ ሪፈር ጽፋላታለች። ረቡዕ መጥታ እስክትወልድ እኛ ቤት ልትቀመጥ ተነጋግረን ነበር። ለሷ የሚሆን ፍራሽ እናቴ አውጥታ ፀሐይ አስመትታለች።

አመሻሽ ላይ እህቴ ደወለች።

"ነገ አንመጣም" አለችኝ።

"ለምን?"

"መንገዱ እየነደደ እንዴት እንመጣለን?"

"ተከፍቷል እኮ! ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መኪና እያለፈ ነው። እዚያው ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።"

 ከኋላዋ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኛል። ድምፁ የኔው ነበር። ባሏ ስልኩን ተቀበላት። እኔን "ዋርሳ" ነው የሚለኝ፣ በኦሮምኛ የሚስት እህት እንደምትጠራው።

"ዋርሳ፣ አሁን እያየሁሽ ነው" አለኝ። "ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል እያልሽ ነው።"

"እሱ የጠዋቱ ነው።"

"ጠዋት የሚል አልተጻፈበትም።"

"እኔ እየነገርኩህ አይደለም እንዴ?"

"አንቺ እንድንመጣላችሁ ስለምትፈልጊ ይሆናል። እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ 'ሌላም ነገር አለ፣ ዝም ብሎ ቦቴ አይነድም' እያለ ነው። ነፍሰ ጡር ይዤ መሃል መንገድ ላይ ብቀር ማንን እጠራለሁ? አንድ ሁለት ቀን እንየው።"

ልመልስለት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል "የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም" አለኝ። በዚያ በኩል ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዳንዴ በሰዓት፣ አንዳንዴ በቀን ይመለሳል። እናቴ ግን ፊቴን አይታ "ቆረጡት?" አለች።

"ማን ይቆርጠዋል እማዬ? ኔትወርክ ነው።"

"ይሁን" አለች፤ አላመነችኝም።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ለፕሮግራም ኃላፊው ደወልኩ። ሲበዛ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"የቦቴው ምስል አሁንም እየዞረ ነው" አልኩት። "መንገዱ ከተከፈተ ቆየ። የተከፈተበትን ምስል ልኬላችሁ ነበር።"

"ደርሶናል፣ ጎበዝ። ግን መኪና መንገድ ላይ ሲሄድ ምን ይታያል? እሳቱ ጠንካራ ምስል ነው። ከትናንት ወዲህ የሚተካውም አልመጣም።"

"ሰው እኮ አሁን የሚነድ እየመሰለው ነው።"

"እይውማ፣ ሰው መቼ ቴሌቪዥኑን እንደሚከፍት አናውቅም። በከፈተ ጊዜ ትልቁን ዜና ማግኘት አለበት። ለዚያ ነው የሚዞረው። መከፈቱንም ከሥር ጽፈናል።"

"ቴሌቪዥኑን ቀኑን ሙሉ የማያጠፋ ሰውስ?"

ሳቀ። "እንደዚያ የሚያየን ካለማ ባለውለታችን ነው።"

በቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ያ ባለውለታው እናቴ ነበረች። ምሳ ሰዓት ቤት ስመለስ አልበላችም። ሪሞቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ ተቀምጣለች። ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ካጠፋሁት የሚመጣውን በምን አውቃለሁ?"

"የሚመጣ የለም፣ እማዬ።"

"ከሌለ ለምን ደጋግመው ያሳያሉ?"

ይኼን ጥያቄ ከማንም ባልደረባዬ ሰምቼው አላውቅም። እሳቱ እየዞረ በመጣ ቁጥር ትከሻዋ ከፍ ይላል፤ ወደ ሌላ ዜና ሲያልፍ ትተነፍሳለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ትከሻዋ ይነሳል። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሳቱ መጥፋቱን በዓይኔ ያየሁ እኔ እንኳ "ወይስ ከተመለስን በኋላ ሌላ ነገር ተፈጥሮ ይሆን?" ማለት ጀመርኩ። ቢሮ ሄጄ ለሁለት የማውቃቸው ሹፌሮች ደወልኩ። አንዱ አልተገኘም። ሌላው ስልኩን አያነሳም። አለማንሳቱን ራሱን ክፉ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ከእህቴ የጽሑፍ መልእክት ሾልኮ ገባ። መቼ እንደላከችው አላውቅም፤ ኔትወርኩ ለአፍታ መጥቶ ይሆናል። "ራሴን በጣም ያመኛል። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ለእማዬ አትንገሪያት" ይላል። አንዲት የማውቃት ነርስ ጋ ደወልኩ። "ግፊት ያላት ነፍሰ ጡር ራሷን አሟት ዓይኗ ብልጭ ካለባት አንድ ሰዓትም አትቆዩ" አለችኝ። ለእናቴ "ልጠይቃት እሄዳለሁ" ብያት ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። እናቴ አልከለከለችኝም። በር ድረስ ተከትላኝ መጥታ ልብሴን ያዝ አደረገችና ለቀቀችኝ።

ወደ ጊምቢ መስመር የሚጫነው ሚኒባስ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ሰው ይጋፋል። ሹፌሩ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ "ተከፍቷል ብለን ብንጮህ ማን ይስማን?" አለ። አንድ ሸማ የደረቡ ሽማግሌ ፊቴን አትኩረው አዩኝ።

"ኢንታሎ" አሉኝ፣ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ለማለት። "አንቺ መንገዱ ተዘግቷል የምትዪዋ አይደለሽም?"

"ነኝ፣ አባባ።"

"ታዲያ ወዴት ትሄጃለሽ?"

"በተዘጋው መንገድ" አልኳቸው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ትንሽ አሰቡና ዱላቸውን አስቀድመው ወደ ሚኒባሱ ገቡ። ከሳቸው በኋላ ሌሎችም ገቡ። ሳይሞላ ተነሳን።

ዲጋ ገበያ ነበር። ሴቶች በቆሎ ዘርግተዋል፣ ከብት ይነዳል፣ ባጃጆች እየተጠማዘዙ ያልፋሉ። ቁልቁለቱ ስንደርስ ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ አየ። አስፋልቱ ላይ ትልቅ ጥቁር ጠባሳ አለ። ቅሪቱ ሣሩ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ ሁለት ፍየሎች አጠገቡ ይግጣሉ። ሹፌሩ እግሩን እንኳ ፍሬን ላይ አላሳረፈም፤ አለፍነው። ዲዴሳ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ድልድዩን ተሻገርን። አሁን የምፈራው መንገዱን አልነበረም።

የእህቴ ቤት በር ክፍት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። "አካም ጅርቱ" ብዬ ገባሁ። ሁሉም አንዴ እኔን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን ያያሉ። እዚያም እኔ ነበርኩ፣ ያንኑ ሻሽ አስሬ፣ እሳቱ ፊት። ባሏ ከወንበሩ ተነሳ።

"በየት መጣሽ?"

"በመንገዱ።"

"በየትኛው?"

"ሌላ መንገድ አለ እንዴ? በሚነደው መንገድ ነው የመጣሁት። ፍየል እየጋጠበት ነው።"

አንዲት ጎረቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች።  እህቴ ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝታ ነበር፤ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ብርሃን ያማታል። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል። ድምፄን ስትሰማ "በቴሌቪዥን ነው ወይስ በእውን?" አለችኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። እጇን ስይዘው ያተኩሳል።

"ተነሺ፣ እንሂድ።"

"መንገዱ..."

"አሁን የመጣሁበት ነው።"

ባሏ ብርድ ልብስ ጠቀለለ፣ ሪፈሯን ኪሱ ከተተ፣ እሷን ደግፎ አወጣት። የመጣንበት ሚኒባስ ገና መንገድ ዳር ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር፤ ሹፌሩ እህቴን ሲያይ የሚሞላ ሰው መጠበቁን ተወና የኋላውን ወንበር ለሷ ለቀቀላት።

ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተጓዝን። ዓይኗን ጨፍናለች። ጉድጓድ ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር ባሏ "ቀስ! ማሎ፣ እባክህ ቀስ!" ይላል፤ ወዲያው ደግሞ "አይዞህ፣ ፍጠን" ይላል። ሹፌሩ ሁለቱንም እሺ ይለዋል። ዳገቱን ስንወጣ እህቴ ዓይኗን ገለጠች።

"ስንደርስበት ንገሪኝ" አለችኝ።

ስንደርስ ቀና አደረግኋት። ጥቁሩን አስፋልት፣ የተኛውን ብረት አየች።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ትንሽ ነው" አለች። "በቴሌቪዥን ትልቅ ነበር።" ተመልሳ ተኛች።

ሆስፒታል ስንደርስ ግፊቷን የለካው ሐኪም ቀና ብሎ "እስካሁን የት ነበራችሁ?" አለ። ባሏ "መንገድ ተዘግቶ..." ብሎ ጀመረና ወደኔ አየ። አልጨረሰውም። ሐኪሙም መልሱን አልጠበቀም። ወዲያው መርፌ ወጓት፣ አልጋ መጣ፣ በድርብ በሩ አስገቧት። ኦፕራሲዮን ነው ተባልን። ገና በሩ ሳይዘጋ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ነርሶቹ ሮጡ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ መናገር አልችልም። ባሏ ግድግዳው ጋ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። እናቴን አስጠርቻት መጥታለች፤ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችኝም፤ አጠገቡ ሄዳ ጭንቅላቱን ዳሰስ አደረገችው። "ሀርሜ፣ ይቅር በይኝ" አላት፣ እናቴ ለማለት። "ዝም በል ልጄ፣ እኔም ያው ነው ያየሁት" አለችው።

የመጠበቂያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ድምፅ የለውም። ቀይ መስመሩ መጣ፣ እሳቱ መጣ፣ እኔ መጣሁ። አጠገባችን ሕመምተኛ አሳክመው ሊመለሱ የተሰናዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ የነሱም ቤት ከዲዴሳ ማዶ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ቴሌቪዥኑን አየችና ጓዟን መልሳ ፈታች። "ዛሬ አንሄድም" አለች ለባሏ በኦሮምኛ።

ተነሳሁና አጠገቧ ሄጄ "ክፍት ነው፣ አሁን ነው የመጣነው" አልኳት። ለሷ ብቻ ነበር የተናገርኩት፤ ግን ሌሎችም ሰምተው ቀረቡ። አንዱ አወቀኝና ለሌላው ነገረው። ጥያቄው የጀመረው ከዚያ ነው።

"አኖ አካባቢ ጎርፍ የቆረጠው መንገድስ? አንቺ ነሽ ያቀረብሽው። ተሠራ?"

"የከብቱ በሽታስ? ገበያው ተከፈተ ወይስ እንደተዘጋ ነው?"

"ጉቶ ጊዳ ውስጥ ጣሪያው የተነሳው ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ገቡ?"

ሁሉንም እኔ ነኝ የዘገብኩት። የአንዱንም መጨረሻ አላውቅም ነበር። ጎርፉ መንገዱን ሲቆርጥ ሄጄ ቀርጫለሁ፣ ዜናው ዞሯል፣ በሌላ ተተክቷል፣ አልቋል። እኛ ዘንድ አልቋል። እነዚህ ሰዎች ግን ያየነውንና ያሳየናቸውን ሁሉ እንደ ጀመረ ይዘውት ይኖራሉ። የተቆረጠው መንገድ በሐሳባቸው እስከዛሬ እንደተቆረጠ ነው፤ ከብቶቹ ገና ይታመማሉ፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ገና አልተመለሰም። በየሳምንቱ አንድ የማይዘጋ ነገር እንጨምርላቸዋለን። እናቴ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ የምትጠብቀው አንዱን እሳት ብቻ አልነበረም።

አዋላጇ ወጣችና "ሴት ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን ታለቅሳለች" አለችን። "እናቷስ?" አልን ሁላችንም ባንድ አፍ። "ተኝታለች። ዛሬን እንያት።" ያን ቀንም የሚቀጥለውንም አየናት። አንዳንዴ ማን እንደሆንን አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት "ይኼ ሾርባ ጨው የለውም" ብላ ስትቆጣ እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ አለቀሰች። ልጅቷም በረታች።

ሁለቱም ከሆስፒታል ሲወጡ ለኃላፊው ደውዬ አዲስ አበባ መጥቼ ላነጋግርህ እፈልጋለሁ አልኩት። ስሄድ አኖ ላይ ወረድኩ። ያ ጎርፍ የቆረጠው ቦታ አዲስ ቱቦ ተቀብሮበት፣ ድንጋይ ተደርድሮበት፣ መኪና ያልፍበታል። አንዲት ባለሱቅ "ከተሠራ እኮ ቆየ፤ ግን ከባድ መኪኖቹ ለብዙ ጊዜ በዚህ አልመጡም፤ ተቆርጧል ብለው ነው" አለችኝ። በስልኬ ቀረጽኩት።

ስብሰባው ላይ ኃላፊው፣ ሁለት አዘጋጆችና አንዲት ዜና አንባቢ ነበሩ። የእህቴን ነገር ስነግራቸው ሁሉም አዘኑ። ፕሮግራሙ እንዴት ይቀየር ወደሚለው ስንገባ ግን ሐዘኑ ወደ ጎን ተተወ።

"ያበቃ ነገር ዜና አይደለም" አለ ኃላፊው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

"መንገድ መከፈት የሆነ ነገር አይደለም?"

"ነው። ግን ማን ተቀምጦ ያየዋል?"

"በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው።"

"እኛ የምናሰራጨው ለአገር ሁሉ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው የአኖ ቱቦ መቀበር ምን ያደርግለታል?"

"የአኖ መንገድ መቆረጥስ ምን አደረገለት? ያንን ለአገር ሁሉ አሳይተናል።"

 አንደኛው አዘጋጅ ሥራ እንደሚበዛ፣ ሰው እንደሌለ፣ እያንዳንዱን ዜና ተከታትሎ መጨረሻውን ማጣራት እንደማይቻል ተናገረ። ውሸት አልነበረም። ያን ጊዜ ዜና አንባቢዋ "እኔ አንድ ነገር ልናገር" አለች። "ጠዋት የደረሰንን ነገር ከሰዓት በኋላ 'አሁን በደረሰን' ብዬ ሳነብ ምላሴ ይከብደኛል። ቢያንስ እሱን ቃል አንሱልኝ።"

መጀመሪያ የተስማሙት በዚያ ነው። "አሁን በደረሰን" የሚለው ለመጀመሪያው ዙር ብቻ ይሁን ተባለ። ከዚያ ምስሉ ጥግ ላይ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ ተባለ። ሁኔታው ከተለወጠ ደግሞ የቀድሞው ምስል ከዙሩ ይውጣ አልኩ፤ እዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። ኃላፊው ሙሉ በሙሉ አልተቀበለኝም፤ "አዲሱ ምስል ቀድሞ ይምጣ፣ የቀድሞው አጠር ብሎ ይከተል" አለ። በመጨረሻ ከማታው ዋና ዜና በፊት አምስት ደቂቃ ለሙከራ ሰጠኝ፤ ስሙን "ምን ላይ ደረሰ?" አልነው። ከየቅርንጫፉ ያለፉ ዜናዎችን መጨረሻ ሰብስቤ እኔው ከነቀምቴ አዘጋጀዋለሁ።

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ደስታው የቆየው ሥራውን እስክጀምር ነው። "ተዘግቷል" ማለት እንዲህ ቀላል እንደነበር አላውቅም ነበር። ተዘግቷል ብዬ ብሳሳት ሰው ቤቱ ይቀራል፤ ተከፍቷል ብዬ ብሳሳት ሰው ይወጣል። በሽታው ቆሟል ልበል? ትናንት የታመመ ከብት እንደሌለ በምን አውቄ? ያላበቁም ነገሮች አሉ፤ ስለነሱ "ገና ነው" ብዬ ማለፍ አለብኝ፤ "ገና ነው" ስል ደግሞ የሚያየኝን ሰው ፊት አስባለሁ። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ሳልሄድ በስልክ ተነግሮኝ ነበር፤ አላመንኩም፣ ጉቶ ጊዳ ድረስ ሄድኩ። ግማሹ ተመልሷል፣ ግማሹ ላስቲክ ነው። ያንኑ እንዳለ አሳየሁ። አንድ አዘጋጅ "ይኼ እንግዲህ አለቀ ነው ወይስ አላለቀም?" ብሎ ጠየቀኝ። "ግማሹ ተመልሷል" አልኩት። ለመጻፍ ተቸገረ።

እናቴ ፕሮግራሙን ትከታተለዋለች። ከሱ በኋላ ዋናውን ዜና ሳታይ ወደ ሥራዋ የምትሄድበት ቀን አለ፤ የማትሄድበትም አለ። ሙከራው አላበቃም፤ ኃላፊውም ይቀጥል ወይም ይቁም አላለም።

ባለፈው ዝናብ ውኃ ሞልቶበት የነበረ አንድ የገጠር መንገድ መከፈቱን በፕሮግራሙ ተናግሬ ነበር። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ እንደገና ወረደ። ቢሮ ተቀምጬ ቆርቆሮው ሲንጓጓ እየሰማሁ ነበር። በዚያው መሃል ስልክ ጠራ። የማላውቀው የወንድ ድምፅ ነው፤ እናቱን ሐኪም ዘንድ ሊያመጣ ነው።

"መንገዱ ክፍት ነው ብለሻል። ክፍት ነው?"

"ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክፍት ነበር፤ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ" አልኩት። "አሁን ግን ዝናብ እየዘነበ ነው። አሁን ያለበትን አላውቅም።"

 ተቆጥቶ ስልኩን የሚዘጋ መሰለኝ።

"አንድ ጊዜ ቆይ፣ አትውጣ" አልኩት። "መንገዱ ዳር የሚኖር ሰው ስልክ አለኝ። አጣርቼ መልሼ እደውልልሃለሁ።"

"ቶሌ፣ እሺ" አለ። "እጠብቃለሁ።"

የመንገድ ዳሩን ሰው ቁጥር እየደወልኩ በመስኮት ዝናቡን አየሁት። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሜ ደወልኩ።